ዋሄን በተቃጠለበት ምሽት የዘጋነው ሂሳብ

የሶማሌላንዷ ሐርጌሳ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚያመርት ደንበኛ አለኝ ስል አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ "የሚያስመጣ ለማለት ፈልገህ ነው?" ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። ሐርጌሳ ገበያ ላይ የተደረደረው ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና የሶላር ፓኔል ከቻይና ተነስቶ፣ አብዛኛውም በዱባይ በኩል ዞሮ፣ በበርበራ ወደብ የገባ ነው። ከተማዋ የነጋዴ ከተማ ናት። ፋብሪካ ከተባለ ሰው ቶሎ የሚጠቅሰው እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተውን የኮካ ኮላ ፋብሪካ ነው። በአንድ የጓሮ ሰፈር፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ የመዳብ ሽቦ እየጠቀለሉ ስታብላይዘር የሚሠሩ ሰዎች መኖራቸውን የከተማዋም ሰው ብዙ አያውቅም።

ወደዚያ የወሰደኝ ሥራ ነው። የምተዳደረው የአነስተኛ አምራቾችን ሂሳብ በመሥራት ነው፤ የሳሙና፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ የብረታ ብረት ቤቶችን መዝገብ ስገልጥ ነው የኖርኩት። የዚህን ቤት ባለቤት ያወቅሁት ጅጅጋ ስሠራ ነው። በ2014 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም እንደገባ ደወለልኝ። "ዋላል" አለኝ፣ እንደ ልማዱ ወንድሜ ለማለት፣ "አንድ አበዳሪ የሦስት ዓመት ሂሳብና የሚቀጥለውን ሁለት ዓመት ግምት አምጣ ብሎኛል። ከአንተ ሌላ መዝገቤን የማሳየው ሰው የለኝም።" እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የተጀመረው በዚህች እሺታ ነው።

ባለቤቱን ሠራተኛውም ደንበኛውም ኢንጂነር ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ1988 የያኔው የሶማሊያ መሪ የሲያድ ባሬ ተዋጊ አውሮፕላኖች ከሐርጌሳው አየር ማረፊያ እየተነሱ መልሰው ሐርጌሳን ሲደበድቡ እናቱ አዝላው ድንበር ተሻግራ ወደ ኢትዮጵያ ገባች። ያደገው ሐርትሼክ ነው፤ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ በነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በተዘጋው ካምፕ። ኋላ ጅጅጋ ሬዲዮ ጥገና ቤት ተቀጠረ። አማርኛውንም፣ ካውያ አያያዙንም፣ ቡና መውደዱንም ያገኘው እዚያ ነው። ወደ ሐርጌሳ ሲመለስ ከተማዋ በግል ጄኔሬተር ትበራ ነበር። የመንግሥት መብራት በጦርነቱ ከወደመ ወዲህ ጄኔሬተር ያለው ሁሉ በየሰፈሩ የራሱን ሽቦ ዘርግቶ ይሸጥ ነበር፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት እስከ 1 ዶላር ይከፈል ነበር። ኃይሉ ደግሞ አይረጋም ነበር። ምሽት ላይ ሁሉም ሲያበራ ይወድቃል፣ ሌሊት ሲያጠፋ ይሰቅላል። ያንን እያየ "ሬዲዮ ከምጠግን ሬዲዮው እንዳይቃጠል የሚያደርገውን ልሥራ" አለና ስታብላይዘር ጀመረ።

በአውሮፕላን እንዳልሄድ ያደረገኝ እሱ ራሱ ነው። ከመርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ አካባቢ የሚገዙለት ጥቃቅን ዕቃዎች ነበሩ፦ ሪሌይ፣ ፊውዝ፣ ካፓሲተር፣ የትራንስፎርመር መጠቅለያ ወረቀትና አንድ ጣሳ ቫርኒሽ። በጅጅጋ በኩል በመኪና ይዤ ገባሁ፤ ገባሁ ለማለት ያብቃኝና። ቶጎ ውጫሌ ሳልደርስ አንድ ኬላ ላይ ሻንጣዬ ተከፈተ። ካፓሲተር አይቶ የማያውቅ ሰው ያንን ሁለት እግር ያለውን ጥቁር ሲሊንደር በላስቲክ ታጉሮ ሲያገኘው ደስ አይለውም። "ይሄ ምንድን ነው?" ተባልኩ። የሬዲዮ ዕቃ ነው አልኩ። "ሬዲዮው የታለ?" ሬዲዮ የለም፤ የስታብላይዘር ነው። "ስታብላይዘሩስ?" እሱ ገና አልተሠራም። ነገሩ እየባሰ ሄደ። የሚፈቅደው ኃላፊ ምሳ ላይ ነበርና ፀሐይ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተመልሶልኝ ቫርኒሹ ብቻ ቀረ፤ የሚቀጣጠል ነገር ነው ተብሎ። ድንበሩ ላይ ስደርስ መሽቶ ተዘግቷል፤ ውጫሌ አደርኩ። የአነስተኛ አምራች ወጪ ከየት እንደሚጀምር ለማወቅ ያቺን ሌሊት ማደር ይበቃል። ያ ጣሳ ቫርኒሽ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ የለም። መኝታውም፣ የጠፋው ቀንም የለም። ስታብላይዘሩ ዋጋ ውስጥ ግን ሁሉም አለ።

ሐርጌሳ በገባሁ ማታ ያረፍኩበት ሆቴል ኮምፒውተሬን ሰክቼ ሻወር ገባሁ። ስወጣ ክፍሉ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። የኮምፒውተሩ ቻርጀር ሞቷል፤ ኮምፒውተሩም አልነሳ አለ። ኢንጂነር ማልቲሜተሩን ይዞ መጣና ሶኬቱ ውስጥ ከተተው። 220 መሆን የነበረበት 268 ያነባል። አንድ ቃል ሳይናገር ወጥቶ ከመኪናው ውስጥ አንድ ስታብላይዘር አምጥቶ አልጋዬ ሥር አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ክፍል ውስጥ ምንም አልተቃጠለም። ኮምፒውተሩን ግን የጠገነው የለም፤ የሥራዬን ግማሽ የጻፍኩት ከሱቅ በተገዛ ባለመስመር ደብተር ላይ ነው።

የሥራውን ቦታ ልንገራችሁ። ከበሩ አጠገብ ከወሎ የመጣ ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የመዳብ ሽቦ ይጠቀልላል። ማጠንጠኛው በእጅ ይዞራል፤ ዙሩን የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ተገጥሞለታል። በየረድፉ መካከል ወረቀት ያለብሳል። የሚፈለገው ዙር ላይ ሲደርስ ሽቦውን ሳይቆርጥ አጥፎ ጫፍ ያወጣል፤ ጫፉን በምላጭ ይፍቀዋል፣ ምክንያቱም ሽፋኑ ካልተፋቀ ስታኞ አይዘውም። እንዲህ ያሉ ጫፎች ከአንድ ትራንስፎርመር ላይ በርከት ብለው ይወጣሉ። የሚገባው ኃይል ዝቅ ሲል ቦርዱ አንደኛውን ጫፍ ይመርጣል፣ ከፍ ሲል ሌላውን፤ ሪሌይዋ ጠቅ ትላለች፣ ወደ ፍሪጁ የሚሄደው 220 አካባቢ ይረጋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ወዲያው አይለቅም፤ የፍሪጁ ሞተር እስኪያርፍ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። "ጋሼ፣ ሰው ግን ይሄን መጠበቁን አይወድም" አለኝ ልጁ፣ "ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል።" በዋስትና ከሚመለሱት መካከል ስንቶቹ ምንም እንዳልሆኑ ያወቅሁት ከዚህ ልጅ ነው። መዝገቡ ሁሉንም ብልሽት ብሎ ነበር የያዛቸው።

የደንበኛ ሂሳብ ስለሆነ ቁጥሩን አልጽፍም። ከመቶ አስልቼ ልንገራችሁ። ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ሽያጭ ላይ 58ቱ ለጥሬ ዕቃ ይሄዳል፤ ከዚያም ውስጥ የሚበዛው ለመዳብና ለትራንስፎርመሩ የብረት እምብርት ነው። 15 ለደመወዝ። 9 ለኪራይ፣ ለመብራትና ለማጓጓዣ። 5 በዋስትና ለሚመለስ። 13 ይተርፋል። ጥሩ ነው፤ አዲስ አበባ ካሉት ደንበኞቼ ይህን የማያገኙ አሉ። ሽያጩም በሦስቱ ዓመት አድጓል። አበዳሪው ሊያይ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ሦስት ዓመት፣ ሦስት ትርፍ፣ የሚወጣ መስመር።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ከዓመቱ ሽያጭ ሩብ ያህሉ ዱቤ ነው። ማለትም ከ100 ዶላር 25ቱ ሱቆች እጅ ነው፤ የሁለት ዓመት ትርፍ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረው። ከዚህ ዱቤ ውስጥ ደግሞ ከመቶ ሰባው አንድ ቦታ ነው ያለው፦ ዋሄን። ዋሄን የሐርጌሳ ትልቁ ገበያ ነበር፤ ሱቅ በሱቅ ላይ፣ መደብ በመደብ ላይ ተደራርቦ፣ በመካከሉ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ያለው። ይህን ለኢንጂነር በደብተሬ ላይ አሳየሁት። "ትርፍህ ፋብሪካህ ውስጥ የለም፣ ዋሄን ነው ያለው" አልኩት። "አውቃለሁ" አለ፤ "እዚያ ካላስቀመጥኩት ማን ይገዛኛል? የቻይናው አስመጪ የሦስት ወር ጊዜ ይሰጣቸዋል። እኔ አራት ካልሰጠሁ ዕቃዬን ወደ ኋላ መደርደሪያ ይወረውሩታል።"

እሱ ራሱ ግን ዱቤ አያገኝም። የሶማሌላንድ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው። እ.ኤ.አ. በ1991 ነፃነቷን ብታውጅም እኔ በሄድኩበት ጊዜ አገር ብሎ የተቀበላት አልነበረምና ባንኮቿ ከውጭ ባንኮች ጋር በቀላሉ ኤልሲ፣ ማለትም የባንክ የክፍያ ዋስትና፣ የሚከፍቱበት መንገድ አልነበረም። መዳብ ለማዘዝ ገንዘቡን አስቀድሞ በሐዋላ ይልካል፤ ዕቃው ተጭኖ፣ ባሕር አቋርጦ፣ በርበራ ደርሶ፣ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና እስኪመጣ ገንዘቡ ባሕር ላይ ነው። ስታብላይዘሩ ተሠርቶ ሲሸጥ ደግሞ ገንዘቡ ዋሄን ነው። አዲስ አበባ ያለው አምራች ያኔ ዶላር ለማግኘት ባንክ ደጃፍ ተሰልፎ ይከርም ነበር። ሐርጌሳ ላይ ዶላር በየመንገዱ ዳር አለ። ገንዘብ ሰራፊዎች እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የሚታተመውን የሶማሌላንድ ሺሊንግ እንደ ጡብ ቆልለው ሜዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሌባ የሚፈራ የለም። ዶላሩ ደግሞ ስልክ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ዛድ፣ የቴሌሶም የስልክ ገንዘብ አገልግሎት፣ ሻይ ከሚያፈላው እስከ ቤት ሻጩ ደርሷል። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ለማለፍ እንደ ሐርጌሳ የቀናበት ከተማ አላየሁም። አምራቹ የጎደለው የሚጠብቅ ገንዘብ ነው፤ ስድስት ወር ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ።

አበዳሪው የሚሠራበት መንገድ ሙራባሃ ይባላል። ወለድ የለም። ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ ጨምሮ፣ በየወሩ በሚከፈል ለተበዳሪው ይሸጥለታል። ንጹሕ አሠራር ነው፤ መዳብ ለመግዛት በጣም ይመቻል። ነገር ግን ባንኩ ሊገዛው የሚችል ዕቃ መኖር አለበት። የወሎውን ልጅ ደመወዝ በሙራባሃ መክፈል አይቻልም፤ ሱቅ ውስጥ ያለ ዱቤንም እንደዚሁ። አምራቹን የሚያፍነው ግን ይኸው ደመወዝና ዱቤ ነው።

ሂሳቡን ለመዝጋት የሚያስፈልገው የዕቃ ቆጠራ ከረመዳን በፊት ባለው በሻዕባን ወር መጨረሻ ይሁን ያለው ኢንጂነር ነው። ምክንያቱን ሲነግረኝ በሙያዬ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅምና እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ይህ ቤት የዕቃ ቆጠራ የሚያደርገው ለግብርም ለባንክም ብሎ አልነበረም። በየዓመቱ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሳጥን በሳጥን፣ ጥቅል በጥቅል የሚቆጠረው ለዘካ ነው። የጨረቃ ዓመት የሞላው ገንዘብና ሸቀጥ ላይ 2.5 በመቶ ለድሃ ይወጣል፤ ስንት እንዳለህ ካላወቅህ ደግሞ ስንት እንደምታወጣ አታውቅም። እኔ ብዙ ቤቶች ውስጥ የዓመት መጨረሻ ቆጠራ ወረቀት ላይ ብቻ ተደርጎ አይቻለሁ፤ "እንዳምናው ጻፈው" የሚሉኝ አሉ። ይህ ሰው ግን የፈሰሰች ሪሌይ ከወለል ላይ ለቅሞ ይቆጥራል፤ የሚቆጥረው ፈጣሪ ፊት ነውና።

ዋጋው ላይ ግን ተከራከርን። እኔ መዳቡን በተገዛበት ዋጋ ልይዘው ነው፤ የሂሳብ ደንቡ ከተገዛበትና ከሚያወጣው ዝቅተኛውን ያዝ ይላል። እሱ ዛሬ ገበያ ላይ በሚያወጣው ካልሆነ አይሆንም ይላል፤ የዘካ ደንቡ እንደዚያ ነውና። ልዩነቱ ቀላል አልነበረም። በዚያው የካቲት መጨረሻ አንድ ቶን መዳብ በዓለም ገበያ ከ10,000 ዶላር በላይ ወጥቶ ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ እሱ መጋዘን ያለው የቀድሞው ዋጋ ነው። አንድ መደርደሪያ፣ ሁለት ቁጥር። ሁለቱንም ጻፍን። የእሱ ከፍ ስላለ የሚከፍለው ዘካ ከፍ አለ፤ ቅር አላለውም።

ቆጠራውን የጨረስነው መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አርብ ነበር፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኤፕሪል 1 ቀን 2022። ከጁምዓ በኋላ ጀምረን ፀሐይ ስትጠልቅ ደብተሩን ዘጋን። ማግስቱ ረመዳን ነው። የእኔም ጾም ገና አላለቀም፤ ሹሮ ልንበላ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገባን። በማግስቱ ጾም የሚገባበት ምሽት ስለሆነ ከተማው በእግረኛ ተሞልቷል። መጀመሪያ የታየን የጭሱ ቀለም ነው፤ ከታች ቀይ ሆኖ ሰማዩን ያዘው። ቀጥሎ የኢንጂነር ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ የሁሉም ስልክ ጮኸ።

ዋሄን ሌሊቱን ሙሉ ነደደ። የእሳት አደጋ መኪኖቹ ደርሰዋል፤ የሚገቡበት ግን አልነበረም፤ መተላለፊያው በመደብ ተዘግቷል። ሰው ከሩቅ ቆሞ ያለቅሳል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ የገዛ ሱቁን በጣቱ እያመለከተ ያሳያል። እኛም ቆመን አየን። 2,000 ያህል ሱቅና መደብ እንደወደመ፣ 28 ያህል ሰው እንደቆሰለ፣ ግን የሞተ እንደሌለ በማግስቱ ተነገረ። አላህ ይመስገን ያላለ አልነበረም። የያኔው ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ አብዲ ቦታው ላይ መጥተው ለአስቸኳይ እርዳታ 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚወጣ አስታወቁ፤ የጠፋው ግን ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚገመት የንግዱ ማኅበረሰብ ሰዎች ተናገሩ። ከነጋዴው አብዛኛው ኢንሹራንስ አልነበረውም። የኢንጂነር ፋብሪካ አንድ ክብሪት አልነካውም። ከዓመቱ ሽያጭ ከመቶ 17 ተኩል የሚሆነው ዱቤ ግን እዚያ ውስጥ ነበር፤ የአንድ ዓመት ከአራት ወር ትርፍ።

እንግዲህ የሂሳቡ ጉዳይ መጣ። የምንዘጋው በአርብ ነው ብለናል። አርብ መቼ ያልቃል? በእሱ አቆጣጠር ቀኑ የሚያበቃው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ እሳቱ የተነሳው ከዚያ በኋላ ስለሆነ የረመዳን አንድ ጉዳይ ነው፣ የአዲሱ የሂሳብ ዓመት። በአበዳሪው ቅጽ ላይ የተጻፈው ኤፕሪል 1 ግን እስከ እኩለ ሌሊት ይሄዳል። እኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተቀበልነው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ ለዚህ አንድ ሙሉ ክፍል አለው፤ 10ኛው ነው። ከሪፖርቱ ቀን በኋላ የደረሰ እሳት ቁጥሩን አይለውጥም፣ በማብራሪያ ይገለጻል። በሪፖርቱ ቀን ውስጥ የደረሰ ከሆነ ግን ቁጥሩ ውስጥ ይገባል። በእሱ ፀሐይ ብንሄድ 13 ዶላሩ ትርፍ እንዳለ ይቆያል፤ እሳቱ ከታች በደቃቅ ጽሑፍ ይሰፍራል፤ አበዳሪውም ምናልባት ይፈርማል። ይህን አማራጭ ለኢንጂነር ሳልደብቅ ነገርኩት። እምቢ አለ። "እሳቱን ሁላችንም አይተናል፤ ያላየነው ይመስል ልንጽፍ ነው?" አለኝ። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነበር። ከዋሄን ዕዳ ከመቶ ሰማንያው ላይመለስ ይችላል ብለን መጠባበቂያ ያዝን። ከሽያጩ 14 ሄደ። የ13 ዶላር ትርፍ የነበረው የ1 ዶላር ኪሳራ ሆነ።

በዚያ ሳምንት የዕዳ ዝርዝሩን ይዘን ሰው ለሰው ዞርን። ለመጠየቅ አልነበረም፤ ደህና መሆናቸውን ለማየት ነው፤ ሂሳቡ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። የነጋዴዎቹ የዱቤ ደብተር ከሱቁ ጋር ተቃጥሏል፤ እነሱ ከሌላ የሚሰበስቡትን የሚያውቁት በቃል ብቻ ነው። ገንዘቡ በወረቀት የነበረበት ሰው አመድ ታቅፏል። ስልኩ ውስጥ የነበረለት ግን አለ። የመጀመሪያው ክፍያ የመጣውም በስልክ ነው፤ ትንሽ ዶላር፣ ከስሙ ጋር "ቀሪው ኢንሻአላህ" የሚል።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት አሮጊት ከልጃቸው ጋር ፋብሪካው ድረስ መጡ። ሽቦ፣ ማብሪያ ማጥፊያና አምፖል የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ስታብላይዘርም ይወስዱ ነበር። ኢንጂነር ተነስቶ "ኢዶ" ብሎ አስቀመጣቸው፤ አክስቴ ማለቱ ነው። ቡና አልጠጡም፤ ጾም ነው። ዕዳቸውን ሊናገሩ መጥተዋል፤ ደብተራቸው ስለተቃጠለ ከአፋቸው እንዲጻፍ። እሳቸው እየቆጠሩ፣ እሱ እየተረጎመ፣ እኔ ከመዝገቡ ጋር አመሳከርኩ። እሳቸው የቆጠሩት ከእኛ መዝገብ በሁለት ስታብላይዘር ይበልጣል። ደግመን ቆጠርን። "በልጅህ እጅ የላክሃቸው ሁለቱ፣ ዝናቡ ቀን" አሉት። የወሎው ልጅ ተጠራና አዎ አለ፤ አድርሶ ሳያስመዘግብ ቀርቷል። ተሰብሳቢ ሂሳቡን ወደ ላይ አስተካከልኩ። የተቃጠለ ሱቅ ባለቤት ዕዳዋን ጨምራ ያስመዘገበችበት ሰነድ እጄ ላይ አለ፤ ጣት ተፈርሞበታል።

ዘካውንም በዚያው ረመዳን አወጣ። በእጁ ላለው ገንዘብና በመደርደሪያው ላይ ላለው ዕቃ ወዲያው ከፈለ፤ ሱቃቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ዘንድ ላለው ደግሞ ሲሰበሰብ እንዲከፍል ሼኩ ነገሩት። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ዕዳ የከበደበት ሰው ነው። ስለዚህ ከዘካው የተወሰነውን መደባቸው ለተቃጠለባቸው ነጋዴዎች ሰጠ። "የሰጠኸውን መልሰው ዕዳ ቢከፍሉህስ?" አልኩት፤ የሂሳብ ሰው ጥያቄ ነው። "ቅድመ ሁኔታ የለውም፤ ልጆቻቸውን ያብሉበት" አለኝ። በመዝገቡ ላይ ሁለቱን ለያይቼ ያዝኩ፤ ዕዳው ዕዳ ነው፣ ስጦታው ስጦታ።

ቀጥሎ ግምቱ ነው፤ የሚቀጥለው ሁለት ዓመት። አበዳሪው የላከው ቅጽ ላይ ለእድገት አንዲት ሳጥን ብቻ አለች፤ በመቶኛ ሙሉ ይላል። እኔ ግን አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ፤ ያኔ የታየኝ ይህ ነው። የሚሸጠው ለጊዜው ይጨምራል፤ እንደገና የሚሠራው ሱቅ ሁሉ አዲስ ፍሪጅ ይገዛል፣ አዲስ ፍሪጅ የገዛ ሰው ደግሞ ይሳሳለታል። የመዳብ ዋጋ ወጥቷል፤ የባሕር ጭነቱም ከወረርሽኙ ወዲህ እንደተሰቀለ ነው። ስለዚህ በርካሽ የተገዛው መዳብ ሲያልቅ ከ100 ዶላር 58 የነበረው ጥሬ ዕቃ ወደ 65 ይጠጋል፤ ዋጋ ካልጨመረ ትርፉ በግማሽ ይወርዳል። ከዚያ አርቄ ሳይ ደግሞ የሚያሳስብ ሌላ ነገር አለ። የከተማው መብራት እየተሻሻለ ነው፤ የግል አቅራቢዎቹ እየተዋሃዱ፣ ሶላርም እየገባ ኃይሉ ረጋ እያለ ነው። መብራቱ ሙሉ በሙሉ የረጋ ቀን ስታብላይዘር የሚገዛ አይኖርም። የሶላሩም ኢንቨርተር ከነመቆጣጠሪያው በአንድ ሳጥን ተሠርቶ ከቻይና ይመጣል፤ እዚያ ላይ በዋጋ መወዳደር አይሞከርም።

ኢንጂነር ይህን ሲያነብ ፊቱ አልተለወጠም። የሚያውቀው ነገር ነው። ከእሱ ጋር ተቀምጠን ያወጣነው ግምት የሚለው እንዲህ ነው፦ የስታብላይዘሩን ሽያጭ እንዳለ ይዞ መቆየት፣ አዲሱን ጉልበት ጥገና ላይ ማዋል። ከተማው ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ኢንቨርተርና የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ገብቷል፤ ሲበላሽ የሚጥሉት ወይም ዱባይ የሚልኩት ነው። ቦርድ የሚያነብ ሰው እሱ ዘንድ አለ። ጥገና ደግሞ ዱቤ የለውም፤ ሰው ዕቃውን ሲወስድ ነው የሚከፍለው። ዱቤውንም ከአንድ ገበያ አውጥቶ ለበርዖ፣ ለቦረማና ለበርበራ ማካፈል። ጅጅጋና ድሬዳዋም ቢሸጥ ይወድ ነበር፤ ዕቃው ይፈለጋል። ክፍያው ግን በሕጋዊ መንገድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ስላልነበረ ግምቱ ውስጥ አላስገባሁትም። በኮንትሮባንድ የሚገባ ገቢ እኔ በፈረምኩበት ወረቀት ላይ አይሰፍርም።

ሪፖርቱን ሰጠን። አበዳሪው ከተጠየቀው ግማሹን፣ ለመዳብ ብቻ፣ ባጠረ ጊዜ ፈቀደ። ኪሳራ ያሳየ ሂሳብ ይዞ ሄዶ ግማሽ ማግኘት መጥፎ አይደለም። በኋላ እንደሰማሁት ያንን ውሳኔ ያስገኘው ትርፉና ኪሳራው አልነበረም፤ ከሪፖርቱ ኋላ ያያያዝኩት የባለዕዳዎች ዝርዝር ነው፤ ማን፣ የት፣ ስንት፣ ከእሳቱ ወዲህ ስንት ከፈለ የሚለው። ወራት አልፈው ሳመሳክር ላይመለስ ይችላል ብለን መጠባበቂያ ከያዝንለት ከግማሽ የሚበልጠው በየትንሹ በዛድ ተመልሷል። አሮጊቷ ከነሁለቱ ጨርሰዋል።

እኛም አገር፣ ሐርጌሳም ላሉ አበዳሪዎች የምለው ይህን ነው። ለትንሽ አምራች ስታበድሩ የትርፉን መስመር ብቻ አታንብቡ፤ የተሰብሳቢ ሂሳቡን ዝርዝር ስም በስም አስቀርባችሁ አንብቡ። ገዢዎቹ አንድ ጣሪያ ሥር ከሆኑ እንዲበትናቸው ጊዜ ስጡት፤ ዕዳቸውን የሚከፍሉ መሆናቸው ከተረጋገጠ ግን ያንኑ ዝርዝር እንደ ዋስትና ተቀበሉት። የወሎው ልጅ ደመወዝ የሚጠብቀው በየወሩ ነው፤ ሱቁ የሚከፍለው በአራተኛው ወር ነው። ያንን አራት ወር የሚሸፍን ብድር ይዘጋጅ።